የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሰጥኦ ትርዒት ማጣሪያ ይኑረው ወይስ ለሁሉም ልጅ ክፍት ይሁን?

አስተባባሪዋ መምህርት (ርዕሱን የከፈቱት)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ላለፉት አራት ዓመታት ዓመታዊውን የተማሪዎች የተሰጥኦ ትርዒት የማስተባበር ኃላፊነትም የእኔ ነው። ባለፈው ዓመት ያጋጠመኝ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ፣ የዘንድሮው ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት ሐሳባችሁን ለመስማት ጉዳዩን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ባለፈው ዓመት ለትርዒቱ የተመዘገቡት 83 ዝግጅቶች ነበሩ። አዳራሹ የተፈቀደልን ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ዝግጅት ሦስት ደቂቃ፣ አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ደግሞ አንድ ደቂቃ ብንይዝ፣ ሁሉንም ለማሳየት ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልገን ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ኦዲሽን እንዲደረግ ወሰነ፤ ሦስት መምህራን ለዳኝነት ተቀመጡ፤ 30 ዝግጅቶች አለፉ፣ 53ቱ ቀሩ። ያለፉትን ስም ጽፌ በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት እኔው ነኝ።

በዚያው ዕለት በዕረፍት ሰዓት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳው ሥር ቆማ አገኘኋት። ጣቷን ከወረቀቱ አናት ላይ አሳርፋ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበበች ወደ ታች ወረደች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። በሁለተኛውም ስሟን ስታጣ የወረቀቱን ጫፍ አነሣችና ጀርባውን ተመለከተች። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ «ቲቸር፣ የሌሎቻችን ስም የሚለጠፈው ነገ ነው?» አለችኝ። አለመመረጧን አልተረዳችም ነበር፤ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንዳስረዳኋት በትክክል አላስታውስም፤ ዝም ብላ መስማቷን ግን አስታውሳለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ለሆኑ ልጆች በሚዘጋጅ ትርዒት ላይ ማጣራት ተገቢ ነውን? ተገቢ ካልሆነስ፣ ያን ያህል ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዴት ማስተናገድ ይቻላል? ማጣሪያን የሚደግፉም የሚቃወሙም ምክንያታቸውን ቢጽፉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


የሁለት ልጆች አባት

መምህርት፣ የጻፉትን አንብቤ ልቤ ተነክቷል፤ ይሁን እንጂ ማጣሪያ እንዲቀር አልደግፍም። ምክንያቴንም ሳልሸሽግ አስረዳለሁ።

ታላቋ ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ጂምናስቲክ ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። ለአንድ የሁለት ደቂቃ ዝግጅት ለሦስት ወር ያህል በየማታው ምንጣፍ ዘርግታ ስትለማመድ፣ ስትወድቅና ስትነሣ አይቻለሁ። እንዲህ የደከመ ልጅ፣ የምዝገባ ቅጹን በዋዜማው ሞልቶ ከመጣ ልጅ ጋር እኩል ሲታይ ምን ይማራል? ድካሙ ከቁም ነገር እንዳልተቆጠረ ነው የሚሰማው። ዝግጅቱን «የተሰጥኦ ትርዒት» ብለን ሰይመን የተሰጥኦ መለኪያ ግን አይኑረው ማለት ስሙንና ግብሩን ማለያየት ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ደግሞ ተቃራኒ ይመስላል፤ ማጣሪያው ልጆችን ከጉዳት ይጠብቃል። ከዓመታት በፊት በተገኘሁበት አንድ ትርዒት ላይ ማጣሪያ አልነበረም። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሊዘፍን ወጥቶ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋበት። ሙዚቃው ቀጠለ፤ እሱ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቆመ፤ ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተጀመረ። ሙዚቃውን የሚያቆምለት ሰው አልነበረም፤ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በዚያ ስንኝ ነበር የሚጠሩት። ስሙን ሰሌዳ ላይ ያጣ ልጅ ያዘነው ለብቻው ነው፤ ይህኛው ግን ያዘነው በመላው ትምህርት ቤት ፊት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይከፋል? ኦዲሽን ቢኖር ኖሮ ልጁ ገና እንዳልተዘጋጀ ይታወቅ ነበር።


የሙዚቃ መምህር

ወንድሜ፣ የመጨረሻው ታሪክዎ እውነተኛ ችግር የሚያሳይ ነው፤ እንዲያውም በዚህ ክርክር ውስጥ ሊነሣ ከሚገባው ሁሉ ዋነኛው ይመስለኛል። መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ የጎደለው ልምምድ ነበር፤ ከልምምድም በላይ ሙዚቃውን የሚያቆምለት ሰው ነበር። ኦዲሽን ቢኖር ልጁ ይወድቅ ነበር እንጂ ስንኙን አያውቀውም ነበር።

ሮበርት ዛዮንስ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተመልካች ሲኖር ሰው በደንብ የተለማመደውን ነገር የበለጠ አሳምሮ፣ ያልተለማመደውን ደግሞ የበለጠ አበላሽቶ እንደሚሠራ አስረድተዋል። በሥራዬ በየዓመቱ የማየው ነገር ነው። አንድ ዘፈን ልጁ ሳያስበው ከአፉ የሚወጣ እስኪሆን ድረስ ከተለማመደው መድረኩ ራሱ ያግዘዋል፤ በግማሽ የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ከወጣ ግን መድረኩ ያችኑ ግማሽ ይነጥቀዋል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሚችሉት ከባዱን ሳይሆን፣ ከሚያውቁት በጣም የሚያውቁትን ይዘው እንዲወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መለየት አለብን። «ኦዲሽን» ስንል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው ልጁ ምን እንደያዘ ማየት፣ ምን እንደሚጎድለው መንገርና ማስተካከል ነው፤ ሁለተኛው ልጁን መመለስ ነው። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ልጅ ያስፈልጋል፤ ሳይታይ ማንም መድረክ አይውጣ። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው የግድ የሚያስከትለው አይደለም፤ እኛ ከጊዜ እጥረት የተነሣ አጣብቀናቸው ነው።

ካርል ኦርፍ የተባሉት ጀርመናዊ የሙዚቃ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በሙኒክ ከተማ ባስተማሩበት ትምህርት ቤት የጠነሰሱትና በኋላ ከጉኒልድ ኬትማን ጋር ሆነው ለልጆች ያሰናዱት የማስተማሪያ ዘዴ አለ። በዚያ ዘዴ የሚያገለግሉት ዛይሎፎኖች፣ ማለትም በተደረደሩ እንጨቶች ላይ በትንሽ መዶሻ የሚመቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ እንጨቶቻቸው የሚነቀሉ ናቸው። መምህሩ «ፋ» እና «ሲ» የተባሉትን እንጨቶች ያነሣል፤ የሚቀሩት አምስቱ ድምፆች እንዴትም ቢመቱ እርስ በርስ አይጋጩም። ስለዚህ ከዚያን ዕለት በፊት መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ለዓመታት ከተማረው ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ የአንድ ዜማ አካል ይሆናል፤ የተማረው ደግሞ ዋናውን ዜማ ይመታል። ደረጃቸው አልተካደም፤ ሁለቱም ግን በዚያው ሙዚቃ ውስጥ አሉ። ይህን በክፍሌ ውስጥ ባየሁ ቁጥር፣ ለትርዒት ሲሆን ብቻ ሌላ መንገድ የለም የምንለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።


የድምፅና የመብራት ሠራተኛ

ስለ ልጆች አስተዳደግ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ሰዓት ግን ልናገር። በትምህርት ቤት ትርዒቶች ላይ ለብዙ ዓመታት ድምፅ ተቆጣጥሬአለሁ። ጊዜ የሚባክነው ልጆቹ በሚያቀርቡበት ሰዓት አይደለም፤ በመካከሉ ነው። ማይክሮፎኑን ለትንሹ ልጅ ዝቅ ማድረግ፣ የጠፋውን የሙዚቃ ፋይል በእናትየው ስልክ ውስጥ መፈለግ፣ ስሙ ሲጠራ መጸዳጃ ቤት የሄደውን ልጅ መጠበቅ፤ ሰዓቱን የሚበላው ይህ ነው።

የሙዚቃ ፋይሎችን ከአንድ ሳምንት በፊት ሰብስባችሁ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ሁለት ማይክሮፎን በሁለት ቁመት አቁማችሁ ማንም እንዳይነካቸው አድርጉ። ተረኛው ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከእሱ ቀጥለው የሚገቡት ሁለት ልጆች ደግሞ በአጠገቡ በተቀመጠ አግዳሚ ላይ ይሁኑ፤ የሚቆጣጠራቸውም አንድ ጎልማሳ ይመደብ። ይህ ከተደረገ አንዱ ወጥቶ ሌላው ለመግባት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የአቀራረቡም ጊዜ ከሦስት ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወርድ ተመልካቹ ቅር አይለውም። ለሰባት ዓመት ልጅ መድረክ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል ረጅም ጊዜ ነው።

መድረክ ላይ የጠፋበት ልጅ ሲኖር ሙዚቃውን ቀስ አድርጎ ዝቅ ማድረግና መምህር ወጥቶ አብሮት እንዲጨርስ ማድረግም ይቻላል። እኔ ከመምህሩ ጋር በእጅ ምልክት ቀድመን እንስማማለን። ከላይ የጻፉት አባት ያዩት ነገር እንዲህ ያለ ምልክት ስላልነበረ የደረሰ ነው።


የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ

ይህን ውይይት ከሁሉ አስቀድሞ ዕድሜ ሊወስነው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ «የአንደኛ ደረጃ ተማሪ» የሚለው ቃል የስድስት ዓመቱንም የአሥራ ሁለት ዓመቱንም ልጅ አንድ ላይ ስለሚጠቀልል እርስ በርስ ሳንግባባ እንከራከራለን።

ጆን ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ ትናንሽ ልጆች ጥረትንና ችሎታን ለይተው አያዩም፤ ብዙ የደከመ እርሱ ጎበዝ ነው ብለው ያምናሉ። እኩል ደክመው አንዱ ስለ ችሎታው ሊበልጥ እንደሚችል በሚገባ የሚረዱት ወደ አሥር፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠጉ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ክፍል ልጅን «ጥሩ ነበርሽ፤ ሌሎች ግን በለጡ» ስንላት እኛ የምንለውና እርሷ የምትሰማው አንድ አይደለም። እርሷ የምትሰማው «አልደከምሽም» ወይም «ጥሩ ልጅ አይደለሽም» የሚል ነው። መምህርት፣ ያቺ ልጅ የወረቀቱን ጀርባ ማየቷ የዕድሜዋ ነው፤ ለፍታለችና ስሟ የሆነ ቦታ መኖር አለበት።

በዚህ ዕድሜ የሚደረግ ማጣሪያ ሌላም ችግር አለበት፤ የምናጣራው ተሰጥኦን ሳይሆን የልደት ወርን ሊሆን ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ በትልቁና በትንሹ ልጅ መካከል የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት ይኖራል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ ዓመት የዕድሜው አንድ ሰባተኛ ነው። ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የካናዳን የበረዶ ሆኪ ወጣት ተጫዋቾች የልደት ቀን መርምረው፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በብዛት ተመርጠው አገኟቸው። የዕድሜ መቁጠሪያው ከጥር ስለሚጀምር፣ በልጅነታቸው በጥቂት ወራት የሚበልጡትና ተለቅ ያሉት «ተሰጥኦ አላቸው» ተብለው ተመረጡ፤ በመመረጣቸው የተሻለ ሥልጠና አገኙ፤ ሥልጠናው ደግሞ በእርግጥም የተሻሉ አደረጋቸው። መድረክም ከዚህ ብዙ አይለይም። ዛሬ የተመረጠው ልጅ መድረክ የለመደ ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ሳይመረጥ የቀረው ግን ያው ጀማሪ ነው።

ስለ ውድድርና ስለ ፈጠራም አንድ ነገር ልጨምር። ቴሬሳ አማቢሌ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ሴት ልጆች ከባለቀለም ወረቀት ቁርጥራጮች ሥዕል እንዲሠሩ ተደረገ። ለአንደኛው ቡድን ሽልማቱ ለበለጡት እንደሚሰጥ ተነገረው፤ ለሁለተኛው ግን ሽልማቱ በዕጣ እንደሚወጣ። ሥራዎቹን የመዘኑት ሠዓሊዎች፣ ለውድድር የሠሩት ልጆች ሥራ በፈጠራ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ውድድር ባለበት ልጅ ዳኛ ይወደዋል ብሎ የሚገምተውን ይሠራል፤ በየትርዒቱ ያንኑ አንድ ተወዳጅ ዘፈን አሥር ጊዜ የምንሰማውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ስል ውድድር በማንኛውም ዕድሜ ጎጂ ነው ማለቴ አይደለም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ራሱ መመዘን ይፈልጋል፤ የት እንደደረሰም ማወቅ መብቱ ነው።


የሁለት ልጆች አባት

ስለ ዕድሜው የተባለውን እቀበላለሁ። ስለ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ስጽፍ በልቤ የነበረችው የአምስተኛ ክፍሏ ልጄ ነበረች፤ ልዩነቱን አልመዘንሁትም።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይመለስልኝ አልፏል። ሁሉም ልጅ ይውጣ በሚባልበት ትርዒት፣ ብዙ የደከመው ልጅ ምን ያገኛል? የሙዚቃ መምህሩ «ደረጃቸው አልተካደም» ብለዋል፤ በተግባር ግን ሲካድ አይቻለሁ። ለሁሉም ያው የምስክር ወረቀት፣ ለሁሉም ያው «ጎበዝ» ይሰጣል። ልጄ አንድ ጊዜ «አባዬ፣ ሁሉንም ጎበዝ ካሉ እኔን አላዩኝም ማለት ነው» ብላኛለች። ይህም ጉዳት ነው፤ ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናለሁ።


የአንድ ተማሪ እናት

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ። ልጄ ሲናገር ይንተባተባል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤቱ ትርዒት ላይ ግጥም ሊያነብ ተመዘገበ፤ ማጣሪያ ስላልነበረ ተቀበሉት፤ እኔም በጣም ደስ አለኝ።

በዕለቱ ልጄ ከመውጣቱ በፊት አስተዋዋቂው ስለ እሱ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ስለ ድፍረቱ፣ ስለ ችግሩ፣ ሁላችንም ልናበረታታው እንደሚገባ ተናገሩ። ልጄ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። ገና አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ግጥሙን አነበበ፤ ሁለት ቦታ ላይ ተያዘ፤ ጨረሰ፤ እንደገና አጨበጨቡለት። ወደ ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሳልጀምር ለምን ቆሙ?» አለኝ። ከዚያም፣ «ግጥሙን ማንም አልሰማውም» አለኝ።

ግጥሙን የጻፈው ራሱ ነው። ስለ አያቱ እጆች ነበር። አራት ጊዜ አርሞታል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ልጅዎ «አላዩኝም» ያለችውና ልጄ «አልሰሙኝም» ያለው አንድ ነገር ነው። በር መክፈት ብቻውን ልጅን ማሳተፍ አይደለም። እኔ የምፈልገው ልጄ እንደ ማንኛውም ልጅ ከመምህር ፊት ተቀምጦ «ሦስተኛው ስንኝ ይረዝማል፣ እዚህ ላይ ትንፋሽ ውሰድ» እንዲባል ነው። የሚያስፈልገውንም አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ የሚለው ያው ነበር፦ ሲያዝ ማንም ቃሉን እንዳይጨርስለት፣ ስለ እሱም ማንም ንግግር እንዳያደርግ።


ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር

ከእህታችን ጽሑፍ በኋላ ብዙ መጻፍ ያስቸግራል። ቢሆንም በሥራ ዘመኔ ሞክሬ ያየሁትን ላካፍል፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም።

መጀመሪያ በኦዲሽን ነበር የምንሠራው። በሦስተኛው ዓመት ዝርዝሮቹን ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት ያለፉት ልጆች በአብዛኛው እነዚያው ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ከትምህርት ቤት ውጭ በክፍያ የሚማሩት ይበዙ ነበር። ዳኞቹ አላደሉም፤ ሐቀኛ መምህራን ነበሩ። የተመረጠው ግን የልጆቹ ተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን የወላጆቹ አቅምም ነበር። ፒያኖ ያለበት ቤት የሚኖር ልጅና ፒያኖን በትምህርት ቤት ብቻ የሚያይ ልጅ በአንድ ፒያኖ ፊት ተቀምጠው እኩል አይፈተኑም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 29 ትምህርት የልጁን ስብዕና፣ ተሰጥኦና ችሎታ በተቻለ መጠን ሁሉ ለማሳደግ እንዲያልም ያዛል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ በባህልና በኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ ውስጥ ተገቢና እኩል ዕድል እንዲኖር መንግሥታት እንዲያበረታቱ ይጠይቃል። ትምህርት ቤት ያለውንና የሌለውን ልጅ የሚያቀራርብ ስፍራ ነው፤ በትርዒቱ ቀን ግን እኛ እያራራቅናቸው ነበር።

ቀጥለን ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ አነሣን፤ ይህም አልሰመረም። ትርዒቱ አራት ሰዓት ፈጀ፤ ወላጆች የየራሳቸው ልጅ ካቀረበ በኋላ እየተነሡ ሄዱ፤ የመጨረሻዎቹ ልጆች ባዶ ወንበር ፊት ዘፈኑ። ሁሉም ልጅ ወጥቷል፤ ያልታየ ልጅ ግን ብዙ ነበር። በዚያን ቀን ያፈርሁትን ያህል በማጣሪያው ዘመን አላፈርሁም።

በመጨረሻ ያገኘነው መንገድ ይህ ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት በሌላ ቀን ለብቻቸው፣ ያለ ማጣሪያ፣ በአጭር ጊዜ ያቀርባሉ። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያሉት ሁለት ጊዜ ይታያሉ። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለት መምህራን አዳምጠው አንድ የተሳካ ነገርና አንድ የሚስተካከል ነገር በወረቀት ጽፈው ለልጁ በእጁ ይሰጡታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ ይታያል። የተጻፈለትን ሞክሮ የመጣ ልጅ፣ ቢሳካለትም ባይሳካለትም፣ ይወጣል። ያልሞከረው ይጠየቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይተወዋል፤ ወይም መጋረጃ መክፈትን፣ መብራትን፣ ማስተዋወቅን ይመርጣል። ማንም ልጅ ስሙን ከሰሌዳ ላይ አይፈልግም ነበር። አስተያየቱን በዚያች ወረቀት ላይ መጻፍ ዳኛ ሆኖ ነጥብ ከመስጠት እጅግ ይከብዳል፤ መምህራኑ መጀመሪያ አጉረምርመውብኛል። የአባትየው ልጅ የጠየቀችው ግን በዚያች ወረቀት ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። «ጎበዝ» የሚለው ቃል እንዲጻፍ አንፈቅድም ነበር፤ «በሁለተኛው መገለባበጥ ላይ እግሮችሽ ተገጣጥመው ነበር» እንዲባል እንጂ።


የሙዚቃ መምህር

ርዕሰ መምህር፣ ስለ ወረቀቷ የጻፉትን ከዛሬ ጀምሮ ልሠራበት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ በትርዒቱ ላይ የአቀራረብ ቅደም ተከተሉን እንዴት ትወስኑ ነበር? ምክንያቱም ማጣሪያውን አንሥተን ምርጦቹን መጨረሻ ላይ ብናደርግ ልጆቹ ወዲያው ያውቁታል።


ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር

በዕጣ ሞክረነው ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ጸጥ ያሉ ዝግጅቶች በተከታታይ ሲደርሱ አዳራሹ ይደክማል። በኋላ በዓይነት አሰባጠርን፦ ዘፈን፣ ከዚያ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ንባብ ወይም መሣሪያ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ የቡድን ዝግጅት ይሆናል፤ ብቻውን አዳራሹን የሚከፍት ልጅ ሸክሙ ይበዛበታልና። የሚፈራ ልጅ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ባለው ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ፍርሃቱ አግዳሚው ላይ ያድጋል።


አስተባባሪዋ መምህርት (ርዕሱን የከፈቱት)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የባለፈውን ዓመት ቅጾች አውጥቼ እንደገና ቆጠርሁ። ከ83ቱ ዝግጅቶች 46ቱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል፣ 37ቱ ደግሞ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ያስመዘገቧቸው ናቸው። ከትንንሾቹ መካከል ያንኑ ዘፈን ወይም ያንኑ ውዝዋዜ ለየብቻ ያስመዘገቡ ብዙ ስላሉ፣ ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ወድደው ከጓደኞቻቸው ጋር እንዲጣመሩ እንጠይቃቸዋለን፤ ሳይጣመሩ ቢቀሩ እንኳ 46 ዝግጅት በአንድ ደቂቃ ተኩልና በግማሽ ደቂቃ መለዋወጫ 92 ደቂቃ ነው። ለትልልቆቹ ሁለት ደቂቃ ብንሰጥ 37ቱ 93 ደቂቃ አይሞሉም። ሁለቱም በየራሳቸው ቀን በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃሉ። አዳራሹን ለሁለት ከሰዓት በኋላዎች መጠየቅ ብቻ ይበቃን ነበር፤ ባለፈው ዓመት ይህን ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብሁም።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ በሁለት ቀን እንዲከፈል፤ ለትንንሾቹ አንድ ልምምድ በመምህር ፊት፣ ለትልልቆቹ ሁለት ማዳመጫና የጽሑፍ አስተያየት፤ አስተዋዋቂው ከልጁ ስምና ከዝግጅቱ ርዕስ ውጭ ምንም እንዳይናገር፤ በምዝገባ ቅጹም ላይ «መድረክ ላይ እያለህ እንዲደረግልህ ወይም እንዳይደረግብህ የምትፈልገው ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ ለሁሉም ልጅ እንዲጨመር። ይህ የመጨረሻው የተወሰደው ከግጥሙ ባለቤት ነው፤ እባክዎ እህቴ ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ያቺ የወረቀቱን ጀርባ ያየችው ልጅ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታ የእኔ ተማሪ ሆናለች። ምዝገባው ከተከፈተ ዐሥር ቀን አልፏል፤ እስካሁን አልተመዘገበችም። ቅጹን ለክፍሉ ሳድል ተቀብላ አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። በቀጥታ ልጠይቃት ወይስ ልተዋት?


የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ

በቀጥታ አይጠይቋት፤ እምቢ ማለት ሊከብዳት ይችላል። ደግሞም ስላለፈው ዓመት እንዳታነሡባት። ይልቁንስ በክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ ሁሉም ልጅ አንድ ነገር ለአጠገቡ ልጅ ብቻ እንዲያሳይ አድርጉ። ምን እንደያዘች ያኔ ያያሉ፤ እርሷም በአንድ ተመልካች ትጀምራለች።


የሁለት ልጆች አባት

መምህርት፣ የጊዜው ስሌት አሳምኖኛል፤ የወረቀቷ ሐሳብ ደግሞ ይበልጥ። የእኛም ትምህርት ቤት ኮሚቴ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰበሰባል፤ ከፈቀዱልኝ የእርስዎን ሐሳብ ይዤ እገባለሁ። የድምፅ ባለሙያው የጻፉት፣ ከመጋረጃው ጀርባ አግዳሚው ዘንድ የሚቆም ጎልማሳ፣ በእኛ ትርዒት ላይ ተመድቦ አያውቅም። እኔ እቆማለሁ።